ጊኒ ፒጎቻችሁ እየተጣሉ ነው ወይስ እየተግባቡ? አብረው የሚኖሩትን ጠባይ የማንበቢያ መመሪያ

ሁለቱን ወንድ ጊኒ ፒጎቼን፣ ዳማንና ቡሬን፣ ያገናኘሁበት የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዳማ ዳሌውን እያወዛወዘ ቡሬን ከጥግ ጥግ ይከተለዋል፤ ከሆዱ የሚወጣው ጉርምርምታ ጠረጴዛ ላይ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ይመስላል። ቡሬ ደግሞ በተነካ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ሁለቴ ተነስቼ ልለያያቸው እጄን ሰደድሁ፤ ሁለቴም መለስሁት። ሲነጋ አንዲት የድርቆሽ ሣር ዘለላ ይዘው አንዱ በወዲህ ጫፍ፣ ሌላው በወዲያ ጫፍ እያኘኩ አገኘኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ የመሰለኝ ነገር ድርድር ኖሯል።

ጊኒ ፒግ፣ ይህ ጭራ የሌለው ትንሽ አይጥ መሰል የቤት እንስሳ፣ ብቻውን የሚኖር እንስሳ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ ሣር ሜዳዎች የሚኖሩት የዱር ዘመዶቹ በትንንሽ ቡድን ነው የሚውሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ግልገሎቻቸው ናቸው። ሰው ካላመደው ሺዎች ዓመታት ቢያልፉም ይህ ጠባይ አልለቀቀውም። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ ባዋለችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ያለ ጓደኛ ማኖርን የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። አብሮ መኖር ካለ ግን የበላይና የበታች አለ። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ እስኪለይ ድረስ ጫጫታው አይቀርም። ጫጫታውን ለማንበብ አንድ ነገር ከያዛችሁ ይበቃል፦ አባራሪውን ተዉትና ተባራሪውን ተመልከቱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ዝርዝር ነው።

እርምጃ 1፦ መጀመሪያ ቤቱን መርምሩ

«ጠባዩ ከፋ» ከማለታችሁ በፊት የሚኖሩበትን ቦታ ለኩ። ለሁለት ጊኒ ፒግ በዝቅተኛ ልክነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የወለል ስፋት 0.7 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ለሁለት ወንዶች ግን እኔ ከ1 ካሬ ሜትር በታች አላስበውም። ፎቅና መሰላል አይቆጠርም። ተሸናፊው የሚፈልገው ቀጥ ብሎ ሮጦ ከአሳዳጁ ዓይን የሚሰወርበት ርቀት ነው። ርቀቱ ከሌለ፣ ሰፊ ቦታ ላይ በአጭር ሽሽት የሚያልቀው ነገር ጥግ ውስጥ በንክሻ ያልቃል።

ቀጥሎ ዕቃውን ቁጠሩ። መደበቂያው ከእንስሳቱ ቁጥር በአንድ ይብለጥ፤ እያንዳንዱም ሁለት በር ይኑረው። እኔ ይህን የተማርሁት በሞኝነቴ ነው። ገዝቼ ያስገባሁላቸው ቆንጆ የእንጨት ጎጆ አንድ በር ብቻ ነበረው። ዳማ በሩ ላይ ቁጭ ሲል ቡሬ ውስጥ ታግቶ ይውላል። እኔ «እንዴት ያለ እንቅልፋም ነው» እያልሁ ስስቅ፣ ለካ እንስሳው ውኃ ለመጠጣት ፈቃድ እየጠበቀ ነበር! የኋላውን ግድግዳ በመጋዝ ቀድጄ ሁለተኛ በር አወጣሁለት፤ ነገሩ በዚያው ተፈታ።

ድርቆሹን ቢያንስ ሁለት ቦታ አድርጉ፤ ውኃውንም እንዲሁ። ዋናው ነጥብ ርቀቱ ነው። ሁለት ሳህን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንድ ሳህን እንደማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ጉልበተኛ መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱንም ይጠብቃቸዋል።

እርምጃ 2፦ ማን ከማን ጋር እንዳለ አረጋግጡ

ሻጭ የነገራችሁን ጾታ አትመኑ፤ የእንስሳት ሐኪም ይመልከታቸው። «ሁለት ሴት» ተብለው የመጡ ጊኒ ፒጎች ከሁለት ወር በኋላ አምስት ሆነው የተገኙበት ቤት ብዙ ነው። ወንድ ግልገል በሦስተኛ ሳምንቱ ማስረገዝ ስለሚችል ከእናቱና ከእህቶቹ በዚያ ዕድሜው ይለያል። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ይቆያል፤ እናቲቱ በወለደች በሰዓታት ውስጥ ደግሞ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች።

ሁለት ሴቶች፣ ወይም የተኮላሸ ወንድ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴት ጋር፣ ብዙ ጊዜ ሰላም ያለው ጥምረት ነው። የተኮላሸው ወንድ ግን ከቀዶ ጥገናው በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ የማስረገዝ አቅም ሊኖረው ስለሚችል ቀኑን ቆጥራችሁ አቀላቅሉት። ሁለት ወንዶችም አብረው ይኖራሉ፤ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ሁለት ሁኔታ ግን ይሟላ፦ ቦታው ሰፊ ይሁን፣ የሴት ሽታም አይድረሳቸው። ሦስት ወንድ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ሁለቱ ይስማሙና ሦስተኛው መከራውን ያያል። ጥንቸል ደግሞ የጊኒ ፒግ ጓደኛ አይደለም። ቋንቋቸው አይገናኝም፤ የጥንቸል እግር አጥንት ይሰብራል፤ ጥንቸሉ ሳይታመም የሚሸከመው ባክቴሪያም ጊኒ ፒጉን የሳንባ በሽታ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ወንድ ለወንድ ስታጣምሩ አስተዳደጉን ጠይቁ። በጀርመን ሙንስተር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ የሆኑት ኖርበርት ሳክሰርና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ባካሄዱት ጥናት እንዳዩት፣ በትልልቅ ወንዶች መሃል ያደገ ወንድ ከማያውቀው ወንድ ጋር ሲገናኝ ብዙም ሳይጣላ ቦታውን ያገኛል። ያለ ትልልቅ ወንዶች ያደገው ግን ለድብድብ ይነሣል፤ ጭንቀቱም ይከብዳል። እጅ መስጠት የሚማሩት ነገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሦስት ሳምንቱን ግልገል ከእናቱ ስትለዩት ብቻውን አትተዉት፤ ረጋ ያለ ትልቅ ወንድ ዘንድ አስገቡት። የሚቆነጥጠውም የሚያስተምረውም እሱ ነው።

እርምጃ 3፦ ቁጭ ብላችሁ 20 ደቂቃ ተመልከቱ

ከላይ ቆሞ ማየት አይሆንም። ለጊኒ ፒግ ከላይ የሚመጣ ጥላ ጭልፊት ነው፤ ደርቀው ይቀራሉ፤ እናንተም የምታዩት ፍርሃታቸውን ይሆናል። መሬት ላይ ተቀመጡ። ማለዳና አመሻሽ ላይ ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ። ምግብ ስትሰጡ ብቻ ካያችኋቸው ሁሌም የሚጣሉ ይመስላችኋል፤ በምግብ ሰዓት ያልተጋፋ ማን አለ?

ደብተር ያዙና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ጀመረ? ሌላው ምን አደረገ? ከዚያስ? ሰው ሁሉ የሚረሳው ሦስተኛውን ነው። «አባረረው» ብሎ ይዘጋዋል። ከተባረረ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ተመልሶ መጥቶ ከበላ፣ ያ መባረር አልነበረም፤ «ፈንጠር በል» መባባል ነው።

እርምጃ 4፦ ቃላቱን ልመዱ

ጉርምርምታው። ዝቅተኛ፣ የሚንዘር ድምፅ ነው። የኋላ እግሩን እያፈራረቀ፣ ዳሌውን እያወዛወዘ፣ በቀስታ እየተንጎማለለ ሌላውን ይዞረዋል። ወንድ ሴትን ሲያሽኮረምም ያደርገዋል፤ ለሌላ ወንድም «እዚህ እኔ አለሁ» ለማለት ያደርገዋል። ሴቶችም ያደርጉታል፤ በተለይ ድራት ላይ፣ ማለትም ወንድ በሚፈልጉበት ጊዜ፣ ሲሆኑ። ድራቱ በየ16 ቀኑ ገደማ ይመለሳል። ሁለት ሴት ጊኒ ፒጎቻችሁ አንድ ምሽት አብደው፣ ሲጠማዘዙና አንዷ ሌላዋ ላይ ስትወጣ አድረው፣ በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ጎን ለጎን ከተኙ ቀኑን መዝግቡት። ከሁለት ሳምንት ትንሽ ዘግየት ብሎ ሲደገም «ገባኝ» ትላላችሁ።

አፍንጫ ማንሣት። ፊት ለፊት ቆመው አንገታቸውን ወደ ላይ ይመዝዛሉ፤ ከፍ ያለው አሸናፊ ነው፤ ቀድሞ አንገቱን ያቀረቀረው እጅ ሰጥቷል። ቁመት የሚለካኩ ልጆች ይመስላሉ። አብዛኛው ክርክር እዚሁ ላይ ይዘጋል፤ በዚህ ሰዓት እጃችሁን ካስገባችሁ ውጤቱ ሳይታወቅ ጨዋታውን አቋረጣችሁት ማለት ነው። ነገ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።

ማዛጋት። አፉን በሰፊው ከፍቶ የፊት ጥርሱን ለጓደኛው ካሳየ እንቅልፍ አልመጣበትም፤ መሣሪያውን እያሳየው ነው። ጥርስ ማፋጨት ደግሞ ከዚህ ከፍ ይላል። ጠጠር የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ፈጣን ድምፅ ነው፤ የአንገትና የጀርባ ፀጉሩ አብሮ ከቆመ መለያያ ፎጣ አቅርቡ።

መቀመጫን ወለል ላይ መጎተት። ሽታ መተው ነው። ቤቱን ባጸዳችሁ ማግስት ይብሳል፤ ፊርማቸውን ፍቃችሁ ስለጣላችሁባቸው ነው።

ሽንት መርጨት። ወንዱ ሲያሰለቻት ሴቷ ወደ ኋላ ትረጭበታለች። ትክክለኛ ናት፤ ተዉአት። አንድ ጊዜ መሬት ተቀምጬ ስመለከት የተረጨው ለወንዱ ነበር፤ ያገኘው ግን መነጽሬን ነው።

መስረር። ከጾታ ጋር ብቻ አታያይዙት፤ ወንድ በወንድ፣ ሴት በሴት ላይ ለበላይነት ይወጣሉ። በፊት በኩል፣ ጭንቅላት ላይ ከወጣ ግን ገፋ አድርጉት፤ ከታች ያለው ቢናከስ የሚያገኘው ስስ ቦታ ነው።

ሲጥታ። እንግዳን የሚያስደነግጠው ይኸኛው ነው። ብዙ ጊዜ ተሸናፊው ገና ሳይነካ የሚያሰማው «እሺ፣ እሺ፣ ሄድሁልህ» ነው። ሕመም ሲሆን ድምፁ ስለታም ነው፤ አንዴ ይወጣል፤ የሰማ ሰው አይረሳውም።

መልካሞቹም አሉ። ግልገሎች፣ አንዳንዴም ትልልቆቹ፣ ባሉበት እንደ ፈንዲሻ ወደ ላይ ይፈናጠራሉ፤ ያ ደስታ ነው። አብረው ሲዘዋወሩ ለስለስ ያለ «ቹት ቹት» ካሰሙ ነገር ሰላም ነው። አንዱ «ድርር» ብሎ ሁሉም ቀጥ ካሉ ደግሞ ስለ ጠብ አይደለም፤ ኮሽታ ሰምተዋል። ያ የታወቀው ጩኸት፣ «ዊክ! ዊክ!» የሚለው፣ በብዛት ለእናንተ የተላከ ነው፤ የማቀዝቀዣው በር ተከፍቷል። ከጓደኛው የተለየ ጊኒ ፒግም ይጠራበታል።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ተስፋ ላንሣ። ሰው ጊኒ ፒጎች እንደ ድመት እየተላላሱ፣ ተቃቅፈው እንዲተኙ ይጠብቃል፤ ሳያይ ሲቀር «አይዋደዱም» ይላል። ጊኒ ፒግ እርስ በርስ ብዙም አይላላስም። ፍቅሩ መቅረብ ነው፤ በአንድ ክንድ ርቀት ተኝቶ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ተከትሎ መነሣት። እንዲያውም የአንዱ ፀጉር በአንድ ቦታ አጥሮ፣ ጫፉ በመቀስ እንደተቆረጠ ሆኖ ካገኛችሁት ጓደኛው እየበላው ነው። ፍቅር አይደለም፤ ድርቆሽ ማነስ፣ መሰላቸት፣ ወይም የበላይነት ማሳያ ነው። ድርቆሹን ጨምሩና እያሰሱ የሚያገኙት ነገር በትኑላቸው።

እርምጃ 5፦ ተባራሪውን ፈትሹ

ዳማ ከቡሬ አፍ የሰላጣ ቅጠል ይነጥቃል። ሁሌም። ቡሬ አንድ ጫፍ ነክሶ እያኘከ፣ ዳማ ከሌላው ጫፍ ጎትቶ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር፤ ለቡሬ ፈርጄ ለብቻው እሰጠው ነበር። ኋላ ቡሬን ልብ ብዬ አየሁት። ቅጠሉ ሲነጠቅ ጆሮው እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ዞር ይልና ሌላ ቅጠል ያነሣል፤ አንዳንዴም ዳማ የነጠቀውን ይዞ ሲሮጥ እሱ የዳማን ድርሻ ይበላል። የተጨነቀ እንስሳ እንዲህ አያደርግም። እየተናደድሁ የነበርሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ስለዚህ የበታቹን ፈትሹ። በየቀኑ ይበላል፣ ይጠጣል? እግሩን ዘርግቶ ይተኛል፣ ወይስ ሁሌ ተኮማትሮ፣ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚያድረው? ከተባረረ በኋላ ወደ ጓደኛው ይመለሳል? ቀኑን ሙሉ ከአንድ ጥግ ካልወጣ፣ ጓደኛው ሲነሣ ሁሉ የሚደነግጥ ከሆነ፣ ጫጫታ ባይኖርም ችግር አለ። ዝም ያለ ቤት ሁሉ ሰላም ያለበት አይደለም፤ የተሸነፈ እንስሳ ድምፅ አያሰማም።

ዓይን ይታለላል፤ ሚዛን አይታለልም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑና ጻፉ። አዋቂ ጊኒ ፒግ አብዛኛውን ጊዜ ከ700 እስከ 1200 ግራም ይመዝናል። ጥቂት ግራም መውጣት መውረዱ ያለ ነው፤ አንዱ በተከታታይ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ ከሄደ ግን ምግቡን የሚጠብቅበት አለ። በዚያው እጃችሁን በፀጉሩ ውስጥ፣ በተለይ በጀርባና በመቀመጫው አካባቢ አሳልፉ፤ የቁስል ቅርፊት የሚገኘው እዚያ ነው። የሸሸ ከኋላ ነው የሚነከሰው።

አባራሪውንም በአንድ ጥያቄ ብቻ መዝኑት፦ ሌላው እጅ ሲሰጥ ያቆማል? ካቆመ አለቃ ነው። ተኝቶ ያለውን ቀስቅሶ የሚያባርር፣ ከውኃ የሚከለክል፣ «እሺ» እየተባለ የሚቀጥል ከሆነ ግን ጉልበተኛ ነው። ሰፋ ያለ ቦታና ተጨማሪ ሳህን በሳምንት ሁለት ሳምንት ካልለወጠው፣ ጥምረቱ አልሠራም ማለት ነው።

እርምጃ 6፦ አዲስ ስታስተዋውቁ አታቋርጡ

አዲሱን ከ2 እስከ 3 ሳምንት በሌላ ክፍል አቆዩ፤ ከቅማል፣ ከቆዳ በሽታና ከጉንፋን መሰል ሕመም ነጻ መሆኑ ይታይ። ከዚያ አንዳቸውም ሽታ ያልተዉበት ሰፊ ወለል ምረጡ። መሃሉ ላይ ድርቆሽ ከምሩ። መደበቂያ አታስገቡ፤ ካስገባችሁም ሁለት ጎኑ ክፍት ይሁን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልቀቁና አጠገባቸው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ሰዓት ጫጫታ ነው፤ መሸታተት፣ መሳደድ፣ መስረር፣ አፍንጫ ማንሣት። ቀጥሎ አንዱ ድርቆሹን መብላት ይጀምራል፤ ሌላው ይከተላል። እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ይበርዳል። ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሚሳሳተው «ለዛሬ ይብቃቸው» ብሎ ግማሽ ሰዓት ላይ መለየቱ ነው። በማግስቱ ሲገናኙ ድርድሩ ከሀ ይጀምራል። ደም ከሌለ ለብዙ ሰዓት ተዉአቸው። ሁለቱም አብረው በልተው አረፍ ካሉ በኋላ፣ ዋናውን ቤት በደንብ አጥባችሁና ዕቃውን አቀያይራችሁ አንድ ላይ አስገቧቸው። እዚያም ጥቂት ቀን ያጉረመርማሉ፤ እስኪረጋጉ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። «አንድ ዓይነት እንዲሸቱ» ብሎ አብሮ ማጠብ የሚሉትን ምክር እኔ አልወደውም። ሁለት የፈሩ እንስሳት ጥግ ላይ ስለተጠጉ ተዋደዱ አይባልም።

እርምጃ 7፦ መለየት ሲያስፈልግ

ሁለቱ ተቆላልፈው እንደ ኳስ ከተንከባለሉ፣ ወይም ደም የወጣበት ጥልቅ ንክሻ ካለ ወዲያው ለዩ። በባዶ እጅ ግን አይሆንም። ፎጣ ጣሉባቸው፤ የቆሻሻ መጣያ አካፋ ወይም ወፍራም ካርቶን በመሃላቸው አስገቡ። እኔ በጣቴ ገባሁና የጠቋሚ ጣቴ ላይ ነጭ ጠባሳ አተረፍሁ። ዳማ እኔን ሊነክስ አልፈለገም፤ በዚያች ሰከንድ ማንም ማንንም አያይም።

ቁስሉን ለሐኪም አሳዩ፤ በፀጉር ስር ተዘግቶ መግል ይቋጥራል። የተለዩትን ደግሞ በሽቦ መረብ ብቻ ለዩአቸው፤ እየተያዩና እየተሸታተቱ ጎን ለጎን ይኑሩ። አብረው መኖር ያልቻሉ ጎረቤት መሆን ይችላሉ።

እርምጃ 8፦ ሰላሙ በድንገት ሲናጋ

ወንዶች ከሆኑና ዕድሜያቸው ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ጥቂት አለፍ ያለ ከሆነ ጉርምስና ነው። እስኪያልፍ ቦታ ጨምሩ፤ ታገሡ። በሰል ያሉ፣ ለዓመታት የተስማሙ ከሆኑ ግን መጀመሪያ በሽታ ጠርጥሩ። የታመመ ጊኒ ፒግ ሕመሙን ይደብቃል፤ ጓደኛው ግን ያውቃል። ጥርሱን ያመመው ሲነካ ይናከሳል፤ የደከመውን አለቃ የበታቹ ይፈታተነዋል። አሮጊት ሴት ያለ ማቋረጥ ማጉረምረምና ሌላዋ ላይ መውጣት ከጀመረች፣ በሁለቱም ጎኗ ፀጉሯ ከሳሳ፣ የእንቁላል እጢ ላይ የሚወጣ የውኃ ቋጠሮ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዩአት። አንዱን ሐኪም ዘንድ ስትወስዱ ሁለቱንም በአንድ ሣጥን ውሰዱ። ጓደኛ አብሮ ሲኖር ድንጋጤው ይቀንሳል፤ ሲመለሱም አንዱ የመድኃኒት ሽታ ይዞ እንደ እንግዳ አይታይም።

አንዱ ሲሞት የቀረውን ቶሎ ቶሎ እዩት። ጥግ ይዞ መቀመጥና መጣራት ይጠበቃል፤ አለመብላት ግን አይጠበቅም። የጊኒ ፒግ አንጀት ያለ ምግብ ሥራውን ያቆማል፤ ግማሽ ቀን ካልበላ ሐኪም ጥሩ። ከዚያ በኋላ ጓደኛ ፈልጉለት፤ ሐዘኑ እስኪወጣለት ብላችሁ ወራት አትጠብቁ።

ቡሬ በስድስት ዓመቱ ሞተ። ለዳማ ያገኘሁለት የአራት ወር ጎረምሳ ነበር፤ ዳማ እንደ ልማዱ ዳሌውን እያወዛወዘ ሊቀበለው ወጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አለቃው እሱ ነበር። ከዓመት በኋላ ግን የሰላጣ ቅጠሉን የሚነጥቀው ጎረምሳው ሆነ። ዳማ ዞር ይልና ሌላ ያነሣል።